ነፃው ኢንተርኔትና ውዱ ቀፎ

ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ሆሣዕና ሄጄ ሁለት ሌሊት አድሬ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል በር ላይ በትልልቅ ፊደላት «ነፃ ዋይፋይ አለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ማኪያቶዬን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ይዘው ወደ እንግዳ መቀበያው ሲጠጉ አየሁ። ልጃቸው ጆሃንስበርግ ነው። ማታ በኢሞ እያወሩ ሳለ ጥቅላቸው አለቀና ወሬው ከመሐል ተቆረጠ። ልጁ ሊነግራቸው የጀመረው ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ሳይሰሙት አደሩ። «እዚህ በነፃ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ላግኘውና ልሂድልሽ ልጄ» አሉ።

የተቀመጠችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። «ይቅርታ እማማ፣ ለእንግዳ ብቻ ነው ተብለናል» አለቻቸው። እሳቸውም «እሺ፣ ምን ይደረጋል» ብለው ስልኩን መልሰው በመሐረቡ ጠቅልለው ወጡ። ተነሥቼ ተከተልኳቸው፣ የይለፍ ቃሉንም ሰጠኋቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ውሸት ይሆናል። የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ደረሰኝ ኪሴ ውስጥ ነበረ፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት በነፃው ዋይፋይ የአውሮፓ ክለቦችን የተጫዋች ዝውውር እያነበብኩ ነበር። ነገሩ የከነከነኝ ማኪያቶው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ያቺን ልጅ ለመክሰስ አይደለም። እሷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ጠቤ «ነፃ» ከምትባለው ቃልና ከቃሏ ጀርባ ካለው ረጅም የሆቴልና የስልክ ታሪክ ጋር ነው።

ቁልፍ የተንጠለጠለበት ስልክ

ያደግሁት በከምባታ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን የቤት ስልክ ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው ቢባልም፣ እኛ ዘንድ ለመድረስና በተራ ሰው እጅ ለመግባት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። በመካከሉ ያለውን ዘመን የገዛው የሆቴሉ ስልክ ነበር። መደወያው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ የብረት ቁልፍ ገብቶ የተቆለፈበት፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ የማይነካ ስልክ። የዚያን ዘመን ሰው ያስታውሰዋል።

አጎቴ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው በ1995 ዓ.ም. ነው። መልእክት ይልካል፤ «እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ በሆቴሉ ስልክ እደውላለሁ» ይላል። አያቴ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥታ ትሄዳለች፤ እኔ ተከትያት። ሳያዙ መቀመጥ ስለማይቻል ለስላሳ ይታዘዛል። ስልኩ ይጮኻል፤ የሌላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛ ለስላሳ ይታዘዛል። በመጨረሻ የአጎቴ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ባለሆቴሉ የ«ማስጠሪያ» ያስከፍላል። ልብ በሉ! የደወለው አጎቴ ነው፣ የጥሪውን ዋጋ የከፈለው እሱ ነው፤ አያቴ የምትከፍለው ልጇን በመስማቷ ነበር።

የባሰው እኛ መደወል ሲያስፈልገን ነበር። ባለሆቴሉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ይከፍትና ሰዓቱን እያየ አጠገባችን ይቆማል። ደቂቃው መቆጠር የሚጀምረው ከወዲያ ማዶ ሰው ሲያነሳ አይደለም፤ መደወያው መዞር ሲጀምር ነው። ካልተነሳም ይከፈላል። መስመሩ ቢቆረጥ የሚመለስ ገንዘብ የለም። ደረሰኝ የሚባል ነገር አይታወቅም። አያቴ የአንድ ወር ቅቤ ሽጣ ያጠራቀመችውን አራት ደቂቃ በማይሞላ ወሬ ጨርሳ፣ ግማሹን «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?» በማለት አጥፍታው ስትወጣ አይቻለሁ። እንዲያም ሆኖ ባለሆቴሉን ትመርቀው ነበር።

ይህ የትንሽ ከተማ ባለሆቴል ተንኮል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ መጥቼ ነገሩን ስመረምረው፣ ባለ ብዙ ፎቆቹም ያንኑ በመሣሪያ እንደሚሠሩት ገባኝ። ብዙዎቹ የሆቴል የውስጥ ስልክ ማከፋፈያዎች የተደወለለት ሰው ቀፎውን ማንሳት አለማንሳቱን አያውቁም። ስለዚህ ጥሪው የተወሰኑ ሰኮንዶች ካለፈው «ተነሥቷል» ብለው ይመዘግባሉ። እንግዳው ጩኸት ብቻ ሰምቶ የወሬ ዋጋ ይከፍላል። በዚያ ላይ የሆቴሉ ጭማሪ አለ፤ በጭማሪው ላይ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በአገልግሎት ክፍያው ላይ ግብር አለ። በሌላውም ዓለም ቢሆን ሆቴሎች ስልክን እንደ ምግብ ቤትና እንደ መጠጥ ቤት ራሱን የቻለ የገቢ ክፍል አድርገው በሂሳብ መዝገብ ይይዙት ነበር። ያንን ገቢ ያደረቀው የባለሆቴሎች ርኅራኄ አይደለም፤ በእንግዳው ኪስ ውስጥ የገባው ሞባይል ነው።

«ቢራስ በሱቅ ዋጋ ነው እንዴ የምንሸጠው?»

ባለሆቴሎች መልስ አላቸው። አንዱን ወዳጄን ይህንኑ አንስቼበት እንዲህ አለኝ፤ «ቢራ ሱቅ ውስጥ አንድ ዋጋ አለው፣ እኔ ዘንድ ሌላ ዋጋ አለው። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ጄኔሬተሩ፣ አስተናጋጁ ሁሉ የሚከፈለው ከዚያ ልዩነት ነው። ስልኩም እንደዚያው ነው። ለመስመሩ ከፍያለሁ፣ ሰው ቀጥሬያለሁ። ታዲያ ስልኩን በቴሌ ዋጋ ስጥ የምትለኝ ቢራውንስ በፋብሪካ ዋጋ ሽጥ ልትለኝ ነው?»

ክርክሩ ቀላል አይደለም። ባለሆቴል ነጋዴ እንጂ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለም፤ ማትረፉም ነውር የለበትም። ሆኖም ቢራና ስልክ አንድ ዓይነት ሸቀጥ አይደሉም። ቢራው ከተወደደብኝ አልጠጣም፣ ወይም ተሻግሬ ሌላ ቤት እጠጣለሁ፣ ወይም ነገ እጠጣለሁ። ቢራ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ሌሊት በስምንት ሰዓት ልጇ ታመመ የተባለች እናት ግን ተሻግራ የምትሄድበት ሌላ ስልክ የላትም፤ ነገ ልበል የምትለውም ነገር አይደለም። የሆቴሉ የስልክ ዋጋ የተተመነው በወጪው ልክ ሳይሆን በጠሪው ጭንቀት ልክ ነበር። ይህንን በአማርኛ ንግድ አንለውም፤ ሌላ ስም አለው።

ለዚህ ማስረጃው ራሱ ነፃው ዋይፋይ ነው። ስልኩን በወርቅ ሲሸጥ የኖረ ቤት በምን ተአምር ነው ኢንተርኔቱን በነፃ የሚያድለው? ወንበሩ ያው ወንበር ነው፣ ጄኔሬተሩም ያው ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስልክ በደቂቃ ይቆጠራል፤ የሆቴሉ ኢንተርኔት ግን በወር በተወሰነ ዋጋ የሚገዛ ነው። አንድ ሰው ቢጠቀምበት አርባ ሰው ቢጠቀምበት ለባለሆቴሉ ሂሳቡ አይለወጥም። ሁለተኛ፣ ውድድር አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሣዕና መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ከተማዋ ውስጥ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ነው። ከወራቤ፣ ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራ፣ ከዱራሜ የሚመጣው ተሰብሳቢ አልጋ ከመያዙ በፊት «ሙቅ ውኃ አለ?» ከማለቱም አስቀድሞ «ዋይፋይ አለ?» ይላል። የለም ካሉት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። መሻገር የሚችል ሰው በነፃ ያገኛል፤ መሻገር የማይችል ይከፍላል።

ሌላም ግራ የሚያጋባ የሚመስል ነገር አለ። በክፍለ ሀገር ከተማ ያለች ባለ አሥር ክፍል ፔንሲዮን ኢንተርኔቱን በነፃ ስትለቅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የሚያስከፍሉ ሆቴሎች ለብዙ ዓመት ኢንተርኔትን በካርድ፣ በሰዓት እየለኩ ሸጠዋል። እንግዳቸው ሒሳቡን ከኪሱ ስለማይከፍል ነው፤ የሚከፍልለት መሥሪያ ቤቱ ነው። ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል እንጂ አይከራከርም። የፔንሲዮኗ እንግዳ ግን የሚከፍለው የራሱን ነው፤ ይከራከራል። እንግዲህ «ነፃ» ቸርነት ሳይሆን በክርክር የተገኘ ዋጋ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ?

ትልቁ ባለሆቴል

ባለሆቴሎቹን ብቻ ከወቀስኩ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ትልቁ ቁልፍ የነበረው በመንግሥት ኪስ ውስጥ ነው። ስልክ ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1894፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ኢንተርኔት የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔቱ ከመጣ በኋላ በርካሽ ድምፅን ማስተላለፍ እንደሚቻል ዓለም ሁሉ ሲያውቅ የእኛ ሀገር ሕግ ምን አደረገ? በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ ግንኙነት ማድረግን ከለከለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 761 መጣ፤ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ። በወቅቱ ጩኸቱ ሲበዛ መንግሥት «አዋጁ ስካይፕ የሚጠቀመውን ግለሰብ አይመለከትም» ብሎ ማስተባበያ መስጠቱ ይታወሳል። እሺ፣ ግለሰቡን አይመለከት። ኮምፒውተር የሌላት፣ ስካይፕ የማታውቅ፣ የሚያገናኛት ሰው የምትፈልግ የሾኔ ወይም የሺንሺቾ እናትስ? ለእሷ የሚያገናኛት ልጅ ነበር ወንጀለኛው። የተማረው በነፃ ያወራል፤ ያልተማረችው የሚረዳት ይታሰርባታል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ ያው የባለሆቴሉ ነበር፤ «ወጪ አለብን፣ መስመር እንዘረጋለን፣ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገናል።» በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ግን ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪን ዋጋ 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ፣ የመደበኛ ብሮድባንድን 54 በመቶ ቀነሰ። ምሰሶው አልተነቀለም፣ ድርጅቱም አልከሰረም። ደስ ብሎናል፣ አመስግነናል። ግን ጥያቄው ይቀራል፤ ይህን ያህል መቀነስ የሚቻል ከነበረ፣ ከዚያ በፊት የተከፈለው የማን ቅቤ ነበር? በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ውስጥ አገልግሎት ሲጀምር፣ ከ120 ዓመት በላይ በአንድ ቀፎ ብቻ የኖረ ሀገር ሁለተኛ ምርጫ አገኘ። መሻገሪያ ሲገኝ ዋጋ እንደሚለሰልስ ከላይ ያልነው በዚህም ይታያል።

ይህ ሁሉ ለምን እዚህ?

አዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ «ለአንድ ጥሪ ይህ ሁሉ?» ሊል ይችላል። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ግን ጥሪ ማለት ሌላ ነገር ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከዚህ አካባቢ በሞያሌ አድርጎ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። በሆሣዕና ፎቁን ያቆመው፣ በዱራሜ ሱቁን የከፈተው፣ በዶዮገና ለታናሹ የትምህርት ቤት የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያ ልጅ ነው።

መንገዱም የሚታወቅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ አሁንም ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ከደረሱም በኋላ ሰላም አይደለም፤ በግንቦት 2000፣ በሚያዝያ 2007፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በደቡብ አፍሪካ የውጭ ሰዎች ሱቅ ሲዘረፍና ሲቃጠል አይተናል። እንዲህ ያለ ወሬ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር በእነዚህ ከተሞች ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእኔ ልጅ አለ?» በዚያች ሰዓት የአንድ ደቂቃ ጥሪ ዋጋ የቢራ ዋጋ አይደለም።

«አሁን ሁሉም ሞባይል አለው፤ የሆቴል ስልክ የሞተ ነገር ነው» የሚል ካለ ደግሞ ሰኔ 2012ን ላስታውሰው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ኢሞው ዝም አለ፣ ዋትስአፑ ዝም አለ፣ «ነፃ ዋይፋይ» የሚለው ማስታወቂያ ግን በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ነበር። ያን ጊዜ የቀረው ያው በደቂቃ የሚቆጠረው መደበኛ ስልክ ነው። ልጁ ጆሃንስበርግ ያለበት ሰው ወይ ያለውን ከፍሎ ደወለ፣ ወይ ዝም ብሎ ጸለየ። ነፃው ነገር ሌላ ሰው በፈለገ ጊዜ የሚያጠፋው ነገር ነውና፣ የውዱ ስልክ ዋጋ ዛሬም ጉዳያችን ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ባለሆቴሎች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በክፍሉ ውስጥ ስልክ ካለና ወደ ውጭ የሚያስደውል ከሆነ የደቂቃው ዋጋ ከነጭማሪው ከአልጋው ዋጋ አጠገብ ተጽፎ ይለጠፍ። ያልተነሳ ጥሪ አይከፈልበት። እንግዳው ዋጋውን የሚያውቀው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ «ነፃ» የሚለውን ቃል አታርክሱት። አልጋ ለያዘና ማኪያቶ ላዘዘ ብቻ ከሆነ ዋጋው አልጋውና ማኪያቶው ውስጥ አለ። «ለእንግዶቻችን» ብላችሁ ጻፉ፤ ያ ሐቅ ነው፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ሦስተኛ፣ «ነፃ» ማለታችሁን ከወደዳችሁት ደግሞ ነፃ አድርጉት። ለሁሉ ከለቀቅነው መስመሩ ይጨናነቃል፣ ለማናውቀው ሰው ጥፋት እንጠየቃለን ትላላችሁ፤ ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን አብዛኛው የዘመኑ ራውተር ከዋናው የተለየ፣ ፍጥነቱ የተገደበ ሁለተኛ መስመር መክፈት ይችላል፤ ለመክፈት የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ተሰብሳቢው አዳራሽ ገብቶ፣ ቱሪስቱ ወደ አምባሪቾ ተራራ ወጥቶ፣ መስመራችሁ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ሰዓት አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት፣ በረንዳችሁን ለእናቶች ብትከፍቱት ምን ይጎድልባችኋል? የወሩ ክፍያ እንደሆነ ያው ነው። ስማቸውን መዝግቡ፣ መታወቂያ ጠይቁ፣ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ታገናኛቸው። የየከተማው ማዘጋጃ ቤቶችም ይህንኑ በአውቶቡስ መናኸሪያ ላይ መሞከር ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም።

አራተኛው ለቴሌኮሞቹ ነው። ለሙዚቃ፣ ለሌሊት ወሬ፣ ለበዓል ጥቅል ስታወጡ እናያለን። ከእነዚህ ከተሞች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረግ መደበኛ ጥሪ ግን በቁጥር የበዛ፣ ደንበኛውም የታወቀ ነው። ኢንተርኔት በሚጠፋበት ቀን ሰው የሚወድቀው በእናንተ ደቂቃ ላይ ነውና፣ ለዚያ ቀን የሚሆን ዋጋ አስቡ።

በሀዲያም ሆነ በከምባታ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። ባለሆቴሎቹ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሆቴሉን የሠሩት ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ ነው። እነሱም አንድ ቀን ከጆሃንስበርግ ሱቃቸው ሆነው፣ እናታቸው የሰው ሆቴል በር ላይ ቆመው ድምፃቸውን የጠበቁ ናቸው። ይህን የሚረሱ አይመስለኝም።

ያቺን ደረሰኝ እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። የሆቴሉ ስምና የይለፍ ቃሉ ተጽፎባታል። የእኚያ እናት ልጅ ሊነግራቸው የጀመረው ምን እንደነበረ ግን አላወቅሁም።

ቸር ወሬ ያሰማን።